ወጌሻ፣ ማሳጅ፣ ፊዚካል ቴራፒ ወይስ ካይሮፕራክተር? ሕመማችሁን ለማን እንደምታሳዩ

«እዚህ አገር ወጌሻ የለም እንዴ?»

የጠየቀችኝ እናቴ ናት። ከአዲስ አበባ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ከመጣች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ቀኝ ትከሻዋን በግራ እጇ ደግፋ ይዛለች። እጇን ወደ ላይ አንስታ ነጠላዋን ማጣፋት ካቃታት ወራት አልፈዋል።

«አለ እማዬ፣ ግን አንድ ሰው አይደለም» አልኳት። አልገባትም። እሷ የምታውቀው ወጌሻ ስብራትም፣ ውልቃትም፣ ወለምታም፣ የዞረ ጅማትም የሚያይ ሰው ነው። ኳስ ሜዳ ላይ እንኳ ተጫዋች ሲወድቅ እየሮጠ የሚገባው ወጌሻ ነው የሚባለው። አሜሪካ ውስጥ ግን ይህ ሥራ ለብዙ ሰው ተከፋፍሏል። ስብራት የሚያየው ሐኪም ነው። ጡንቻ የሚያሸው ማሳጅ ቴራፒስት ነው። የደረቀ መገጣጠሚያ የሚያፍታታውና እንቅስቃሴ የሚያስተምረው ፊዚካል ቴራፒስት ነው። አከርካሪ የሚያስተካክለው ደግሞ ካይሮፕራክተር ይባላል። እያንዳንዱ የራሱ ትምህርት፣ የራሱ ፈተና፣ የራሱ ላይሰንስ፣ ማለትም የሥራ ፈቃድ፣ አለው። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ ሁሉንም «ማሳጅ» ብለን እንጠራና «እጁ ጥሩ ነው» ወደተባለው ሰው እንሄዳለን።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሥራዬ ሆም ኸልዝ ኤይድ ነው። ሰው አነሳለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ አጥባለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ታካሚ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳዞር ወገቤ ቀጭ አለ። በማግስቱ ጎንበስ ብዬ ካልሲ ማድረግ አልቻልኩም። የማውቀው ሰው ስልክ ሰጠኝና ሄድኩ። ቤዝመንት ውስጥ ነው። በካሽ። ሰውየው ምን መድኃኒት እንደምወስድ፣ ሕመሙ ወደ እግር ይወርድ እንደሆነ፣ ምንም አልጠየቀኝም። በሆዴ አስተኝቶኝ ክርኑን አከርካሪዬ ላይ አድርጎ ተጫነ። «ዲስክሽ ወጥቷል፣ እመልሰዋለሁ» አለኝ። ስነሳ ግራ እግሬ እስከ አውራ ጣቴ ድረስ ይነዝረኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ከሥራ ቀረሁ። ክፉ ሰው ነው አልልም። ሊረዳኝ ነው የፈለገው። ግን ምን እንደነካ አያውቅም ነበር። ዲስክ፣ በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ፣ በክርን ተገፍቶ ወደ ቦታው የሚመለስ ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ነው ማን ምን እንደተማረ ማጣራት የጀመርኩት። ሾፌሮቻችን በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ይዘው ይውላሉ። ነርሶቻችንና ኤይዶቻችን በሰው ክብደት ወገባቸውን ይጎዳሉ። በድካም ያገኘነውን ገንዘብ የበለጠ ለሚጎዳን ሰው ስንከፍል ማየት ያመኛል።

ማን ምን ያህል ተምሯል?

ለማነጻጸር ከራሴ ልጀምር። ሆም ኸልዝ ኤይድ ለመሆን የፌደራል መንግሥቱ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው።

ማሳጅ ቴራፒስት በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ቢያንስ 500 ሰዓት መማር አለበት። ቴክሳስም 500 ነው። ኒውዮርክ ከእነዚህ ጠንከር ብሎ 1000 ሰዓት ይጠይቃል። በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ማሸት ብቻ አይደለም የሚማሩት። ጡንቻ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያያዝ፣ ነርቭና የደም ሥር የት እንደሚያልፉ፣ የትኛው በሽታ ላይ እጅ እንደማይጫን ይማራሉ። እኔ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለመጨረሻው ነው። ከዚያ በአብዛኛው ግዛት ኤምብሌክስ የሚባለውን ፈተና ይፈተናሉ። መቶ ጥያቄ አለው፣ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። ኒውዮርክ ግን የራሱ ፈተና አለው። ካለፉ በኋላ ላይሰንስ ያወጣሉ፣ ስማቸው ላይ «ኤል ኤም ቲ» (ላይሰንስድ ማሳጅ ቴራፒስት) የሚል ይጨመራል።

ፊዚካል ቴራፒስት በጣም ሩቅ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ገደማ የሚወስድ የዶክትሬት ትምህርት፣ ከዚያ ብሔራዊ ፈተና፣ ከዚያ የግዛት ላይሰንስ። ክሊኒክ ስትሄዱ ደግሞ «ፒ ቲ ኤ» የሚል ባጅ ያለው ሰው ሊያሠራችሁ ይችላል። ረዳት ነው፣ የሁለት ዓመት ዲግሪ ያለው፣ ላይሰንስም ያለው። ዕቅዱን የሚያወጣው ዋናው ቴራፒስት እስከሆነ ድረስ ቅር አይበላችሁ። እናቴን ሳምንት በሳምንት ያሠራት ረዳት ነበር፣ እስካሁን ትመርቀዋለች።

ካይሮፕራክተር አራት ዓመት ገደማ የሚፈጅ የራሱ ትምህርት ቤት አለው። ዋና ሥራው አከርካሪን በፍጥነት ገፋ አድርጎ «ቋ» የሚያሰኘው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያምታታን ነገር አለ። እኛ «ዶክተር» ስንል ሐኪም ማለታችን ነው። ፊዚካል ቴራፒስቱም ካይሮፕራክተሩም ዶክተር ይባላሉ። በሙያቸው ያገኙት ማዕረግ ነው፣ ሐሰት የለበትም። ግን የመድኃኒት ሐኪም አይደሉም። «ዶክተር አይቶኛል» ከማለታችሁ በፊት የትኛው ዶክተር እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

ወጌሻውስ? ሙያው ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ነው። ብዙዎቹ ወለምታና ውልቃት ላይ እጃቸው የተመሰከረላቸው ናቸው፣ እናቴም በልጅነቷ ክንዷን ያቃናላት ወጌሻ ነው። ጨለማው ያለው ስብራት ላይ ነው። አገር ቤት ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት ጉዳት አለ። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በእንጨት ተደግፎ ከመጠን በላይ ጠብቆ ይታሰራል። ደም ይቋረጣል፣ ጣቶቹ ይጠቁራሉ፣ ጋንግሪን ይሆናል። መጨረሻው መቆረጥ ነው። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ስብራት የተጠረጠረበት ቦታ፣ እዚህም ሆነ አገር ቤት፣ መጀመሪያ ራጅ።

በነገራችን ላይ አገር ቤትም ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት በፊዚዮቴራፒ በዲግሪ ያስመርቃሉ። አዲስ አበባ ላይ ወገቡን ለታመመ ዘመዳችሁ ብር ስትልኩ ከወጌሻ ሌላ ይህም አማራጭ እንዳለ ንገሩት። ከእነዚህ ተመራቂዎች አሜሪካ የመጡ አሉ። ዲግሪያቸው ተገምግሞ፣ ፈተናውን አልፈው፣ ላይሰንስ እስኪያወጡ ድረስ እዚህ መሥራት አይችሉም። እንዲህ ያለ ሰው ብታውቁ ምክሩን ስሙ፣ እጁን ግን ሕጉ እስኪፈቅድለት ጠብቁ።

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲ

ሦስቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ጋ እያደርን ሌላው ጋ እንሠራለን። የማሳጅ ሕጋቸው ግን ይለያያል። ላይሰንሱ የሚሠራው በተሰጠበት ግዛት ነው። አሌክሳንድሪያ የሚሠራበት ላይሰንስ ያለው ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችሁ መጥቶ ሊያሻችሁ ከፈለገ የሜሪላንድ ፈቃድም ሊኖረው ይገባል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ማሳጅ ቴራፒስቶችን የሚቆጣጠረው ነርሶችን የሚቆጣጠረው ቦርድ ነው። የቨርጂኒያ የጤና ሙያዎች መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ «ላይሰንስ ሉካፕ» የሚል አለ። ስም ታስገባላችሁ፣ ላይሰንሱ እየሠራ ይሁን አይሁን፣ መቼ እንደሚያበቃ፣ ቅጣት ካለበትም ይወጣል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ነፃ ነው። ዲሲም ሜሪላንድም ተመሳሳይ መፈለጊያ አላቸው። ላይሰንሱ ላይ ያለው ሙሉ ስምና ሰዎች የሚጠሩት ስም ሊለያይ ስለሚችል ቁጥሩን ጠይቁ። ትክክለኛ ባለሙያ የላይሰንስ ቁጥር ሲጠየቅ አይቆጣም። የሚቆጣ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ሜሪላንድ ላይ ጠንቀቅ የሚያስፈልግ ነገር አለ። ሁለት ዓይነት ወረቀት ነው ያለው። አንዱ ላይሰንስድ ማሳጅ ቴራፒስት ነው። ሌላው ሬጂስተርድ ማሳጅ ፕራክቲሽነር ይባላል፣ ባጭሩ «አር ኤም ፒ»። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው። ልዩነቱ የተመዘገበው ባለሙያ በሕክምና ተቋም ውስጥ፣ ማለትም ሆስፒታል፣ ሐኪም ቢሮ፣ ካይሮፕራክተር ጋ መሥራት አይፈቀድለትም። ለመዝናናት፣ ድካም ለማውጣት ከሆነ የተመዘገበው ይበቃል። ሐኪም ልኳችሁ ከሆነ ወይም የሚታወቅ ሕመም ካለባችሁ ላይሰንስ ያለውን ምረጡ። እኔ ይህን ያወቅሁት ሜሪላንድ ስድስት ዓመት ከኖርኩ በኋላ ነው።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ የግዛት ላይሰንስ ብትፈልጉ አታገኙም። እዚያ የካሊፎርኒያ ማሳጅ ቴራፒ ካውንስል 500 ሰዓት ለተማረ ሰው ሰርተፊኬት ይሰጣል። ሰርተፊኬቱ በፈቃደኝነት የሚወሰድ ስለሆነ የሌለውም ሰው በከተማው ፈቃድ ሊሠራ ይችላል። እኔ ብሆን ያለውን ነው የምመርጠው።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ሁሉ ላይሰንስ አይደለም። የሆት ስቶን፣ የሪፍሌክሶሎጂ፣ የታይ ማሳጅ እየተባለ ቅዳሜና እሁድ ተሰጥቶ የሚያልቅ ኮርስ አለ። ላይሰንስ ላይ ሲደረብ መልካም ነው። ላይሰንስን ግን አይተካም። ከተጨማሪ ወረቀቶች ሁሉ እኔ ከልቤ የማከብረው የሊምፍ፣ ማለትም በሰውነት ዕጢዎች በኩል የሚያልፈው ፈሳሽ፣ ሥልጠናን ነው። እሱን ከታች እመጣበታለሁ።

ሕመማችሁን ይዛችሁ ምረጡ

ብዙ ሰው ስለ ማሳጅ ዓይነት ነው የሚጠይቀኝ። ለስለስ ያለው ስዊድሽ ወይስ ጠለቅ ብሎ የሚጫነው ዲፕ ቲሹ? እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ሕመሙን ነው።

ወገብ ከሆነ፣ መቼ ጀመረ? የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ያወጣው መመሪያ በቅርብ የጀመረ የወገብ ሕመም አብዛኛው በጊዜ ብዛት እንደሚሻለው ይናገራል። ከኪኒን በፊት እንዲሞከሩ ያላቸው ሙቀት፣ ማሳጅ፣ አኩፓንክቸር (በቀጭን መርፌ የሚሰጥ ሕክምና) እና የአከርካሪ ማስተካከል ናቸው። ስለዚህ ሳምንት ሁለት ሳምንት የሆነው፣ ወደ እግር የማይወርድ የወገብ ሕመም ላይ ላይሰንስ ያለው ማሳጅ ቴራፒስት ጥሩ ምርጫ ነው። ካይሮፕራክተርም ይሆናል። ሦስት ወር ያለፈው ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያው መመሪያ ለቆየ ሕመም ከፊት ካሰለፋቸው አንዱ እንቅስቃሴ ነው። ማሳጅ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ትታሻላችሁ፣ ሁለት ቀን ይቀላችኋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ፊዚካል ቴራፒስት ጋ መሄድ አለባችሁ፣ ቤት የሚሰጣችሁን እንቅስቃሴም መሥራት አለባችሁ። እኛ ደግሞ ይህቺ ሁለተኛዋ ላይ እንሰንፋለን። ሰው እንዲያደርግልን እንጂ ራሳችን እንድናደርግ ስንባል ገንዘባችን የተበላ ይመስለናል። እኔ ወገቤን ያዳነኝ ግን ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ ላይ የምሠራው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

ሕመሙ ከመቀመጫ ጀምሮ እግር ውስጥ የሚወርድ፣ የሚነዝር፣ የሚያደነዝዝ ከሆነ ሳያቲካ ሊሆን ይችላል። ነርቭ ነው የተነካው። መጀመሪያ ሐኪም ወይም ፊዚካል ቴራፒስት። ማሳጁ ከዚያ በኋላ፣ እነሱ ይሁን ካሉ።

አንገት፣ ማጅራትና ትከሻ ላይ የሚደድር ጡንቻ፣ ከሥራ በኋላ ጭንቅላትን እንደ ቀበቶ ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ራስ ምታት፣ ይህ የማሳጅ ሜዳ ነው። ሾፌሮች፣ ስሙኝ። እዚህ ላይ ጥሩ ማሳጅ ገንዘቡ አይቆጭም። ከቤዝመንቱ በኋላ ፈራ ተባ እያልኩ የሄድኩባት ላይሰንስ ያላት ሴት ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሁለት ገጽ ፎርም ሞላሁ። አነበበችው። ከፊቴ ቆማ «አንገትሽን ወደ ቀኝ አዙሪ፣ አሁን ወደ ግራ» አለችኝ። ግራው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ጀርባዬ ሳይሆን ደረቴ አጠገብ፣ ከአንገት አጥንቴ በታች ነካችኝ። ጮኽኩ። ለካ ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት ተጎንብሼ ስሠራ የሚያጥረው የፊቱ ጡንቻ ነው፤ ኋላው የሚጮኸው እሱ ስለሚጎትተው ነው። ጉልበቴ ሥር ትራስ አደረገችልኝ። በአውራ ጣቷ አንድ ቦታ ይዛ ቆየች፣ አልፈተገችም። «ከአሥር ስንት ያማል?» «ሰባት።» ጠበቀች። «አሁንስ?» «አራት።» ስነሳ አንገቴ እስከ ትከሻዬ ዞረ። 500 ሰዓት መማር ማለት ይህ ነው።

ትከሻ ላይ ደግሞ የእናቴ ታሪክ አለ። እናቴ ስኳር አለባት። ስኳር ያለበት ሰው «ፍሮዝን ሾልደር» የሚባለው የትከሻ መድረቅ ከሌላው በበለጠ ይይዘዋል። ምልክቱ እሷ ራሷ እጇን ማንሳት አለመቻሏ ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰውም ሊያነሳላት ሲሞክር እጇ አለመሄዱ ነው። እንዲህ ያለው ትከሻ በማሸት አይፈታም። በግድ ቢጠመዘዝ ደግሞ ይብሳል። ሐኪሟ አይታ ወደ ፊዚካል ቴራፒ ላከቻት። ግድግዳ ላይ ጣቶቿን እንደ ሸረሪት እያስኬደች ወደ ላይ መውጣት ነበር አንዱ ሥራዋ። በእርሳስ ምልክት እናደርጋለን። በየሳምንቱ ምልክቱ ጥቂት ጥቂት ከፍ ይላል። የግድግዳው ቀለም ተበላሽቷል፣ እኔ ግን አልቀባውም።

ተረከዝ ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ እንደ ሚስማር የሚወጋ ከሆነ ባትን ማሳሳብና የጫማ ለውጥ ይቀድማሉ፣ ፊዚካል ቴራፒስት ያሳያችኋል። ማሳጁ አጋዥ ነው። ሌሊት ጣት የሚያደነዝዝ የእጅ አንጓ ሕመም፣ ጠጉር የሚሠሩና ዕቃ የሚያሽጉ ሴቶቻችን የሚያውቁት፣ ሐኪም ይየው። ብዙ ጊዜ በሌሊት የሚታሰር መደገፊያ ነው የሚጀመረው። ከስትሮክ በኋላ የተዳከመ እጅና እግር የፊዚካል ቴራፒ ሥራ ነው፣ በቶሎ መጀመሩም ወሳኝ ነው። ቁርጭምጭሚት ወለም ብሎ ከሆነ፣ ያበጠው ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማሸት የለም። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻላችሁ ወይም አጥንቱ ሲነካ የሚያም ከሆነ ራጅ።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ የእርግዝና ማሳጅ የተማረች ባለሙያ ፈልጉ። በጎን አስተኝታ ነው የምትሠራው፣ ትራስ በእግሮቻችሁ መሃል አድርጋ። ከዚያ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አሁን ወደ ሊምፉ። የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ፣ በተለይ ብብት ሥር ያሉት ዕጢዎች ወጥተው ከሆነ፣ ክንድ ሊያብጥ ይችላል። እህቶቻችን ይህን በዝምታ ነው የሚሸከሙት፣ በረጅም እጅጌ ይሸፍኑታል። ተራ ማሳጅ እዚህ አይሆንም። ጠንካራ ጫና እብጠቱን ሊያባብሰው ይችላል። ለዚህ የሚሆነው 135 ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ የሊምፍ እብጠት ቴራፒስት ነው። ፊዚካል ቴራፒስት ወይም ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (የዕለት ተዕለት ሥራን መልሶ የሚያለማምድ) ሊሆን ይችላል፣ ማሳጅ ቴራፒስትም ይሆናል። እጁ በጣም ቀላል ነው፣ ቆዳውን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ከዚያ በፋሻ ይጠቀልላል። የካንሰር ሐኪማችሁን «የሊምፍ እብጠት ቴራፒስት ላኩኝ» በሉት፣ መብታችሁ ነው።

ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ እንዲሁ ድካም? ይህም በቂ ምክንያት ነው። ሁሉ ነገር በሽታ መሆን የለበትም። በዓመት ሁለት ጊዜ ለልደታችሁና ለገና አንድ ሰዓት ጸጥ ብላችሁ ብትታሹ ማንም አይወቅሳችሁ።

የማልቀበለው አለ። «ማሳጅ መርዝ ያወጣል»፣ «ስኳር ያወርዳል»፣ «የደም ግፊት መድኃኒትሽን ትተዪዋለሽ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተነሱና ውጡ። መርዝ የሚያወጡት ኩላሊትና ጉበታችሁ ናቸው።

ስለ አንገት ማስተካከል

ካይሮፕራክተር ጋ ሄደው የወገብ ሕመም የቀለላቸው ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። አንገት ላይ ግን እጠነቀቃለሁ። አንገት በፍጥነት ሲጠመዘዝ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ሊቀደድ ይችላል። አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው፣ ሲያጋጥም ግን ስትሮክ ነው። «አንገቴን አታሽከርክር፣ በሌላ መንገድ ሥራ» ማለት ትችላላችሁ። ጥሩው ካይሮፕራክተር ሌላ መንገድ አለው።

የመኪና አደጋ ለደረሰባችሁም አንድ ቃል። ጠበቃ የላካችሁ ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት ድንገተኛ ክፍል ወይም ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ። ስብራትና የውስጥ ደም መፍሰስ በመታሸት አይታወቅም።

ማንም እንዳይነካችሁ የምላችሁ ጊዜ

የጎረቤታችን እናት ከአዲስ አበባ ዱለስ አየር ማረፊያ ድረስ ከ13 ሰዓት በላይ ተቀምጠው በረሩ። በሦስተኛው ቀን ግራ ባታቸው አበጠ፣ ሞቀ፣ ሲነካ ያማል። አንዲት ዘመድ ቅባት ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ዘርጉልኝ፣ ላሽልዎት፣ በረራ ነው ያደረገው» አለቻቸው። በአጋጣሚ እዚያ ነበርኩ። አንዱ እግር ብቻ ሲያብጥ ምን ማለት እንደሆነ በሥልጠናዬ ተነግሮኛል። እጇን ያዝኩት። ኢመርጀንሲ ወሰድናቸው፣ የደም መርጋት ነበር። ያን ባት ብትፈትገው ኖሮ የረጋው ደም ተነስቶ ወደ ሳንባቸው ሊሄድ ይችል ነበር። ትክክለኛ ማሳጅ ቴራፒስት ያንን እግር አይነካም። ትምህርት ቤት ገና ከሚማሩት ነገር አንዱ ይህ ነው።

ትኩሳት ካላችሁ፣ ቆዳ ላይ ቁስል ወይም የሚተላለፍ ነገር ካለ፣ አዲስ ስብራት ካለ፣ አትታሹ። እንደ ኤሊኩዊስ ወይም ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ አጥንታችሁ የሳሳ፣ በካንሰር ሕክምና ላይ ያላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ፣ ለቴራፒስቱም ይነገር።

ወገብ ታሞ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭንና ጭን መሃል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ እግር ከከዳ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ያንኑ ሌሊት ኢመርጀንሲ።

ስለ ገንዘቡ

ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ለማሳጅ አይከፍልም። ካይሮፕራክተር ላይ የአከርካሪ ማስተካከሉን ብቻ ይከፍላል፣ ሌላውን አይጨምርም። ለቆየ የወገብ ሕመም ከ2020 ጀምሮ አኩፓንክቸርም ይሸፍናል። ፊዚካል ቴራፒ በሜዲኬርም በብዙ ኢንሹራንስም ይሸፈናል። በሁሉም ግዛት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቢያንስ መጀመር ይቻላል፣ ኢንሹራንሳችሁ ግን ትእዛዝ ሊጠይቅ ስለሚችል ካርዱ ጀርባ ያለውን ስልክ ደውሉ። ኤች ኤስ ኤ ወይም ኤፍ ኤስ ኤ (ለሕክምና ብቻ የሚቀመጥ ከታክስ ነፃ ገንዘብ) ካላችሁ፣ ሐኪማችሁ «ለሕክምና ያስፈልገዋል» የሚል ደብዳቤ ከጻፈላችሁ ማሳጅን ከዚያ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ሥራ ላይ ከተጎዳችሁ ደግሞ የአሠሪው የጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ አለ። ዝም ብላችሁ ከኪሳችሁ አትክፈሉ። እኔ ያን ጊዜ ለሱፐርቫይዘሬ ሳልናገር ቀርቼ ሁሉንም ከኪሴ ከፈልኩ፣ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስልኩን አንስታችሁ፣ ክፍሉም ውስጥ ገብታችሁ

የላይሰንስ ቁጥራችሁን ስጡኝ በሉ። እንደ እኔ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ታያላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። «ሁሉን እናክማለን» ያለ ሰው አያሳምነኝም። «ይህን ሐኪም ይየው» ያለኝን አምነዋለሁ።

ክፍሉ ውስጥ ቴራፒስቱ ወጥቶ ብቻችሁን ነው ልብሳችሁን የምታወልቁት። የምትፈልጉትን ያህል ብቻ። የውስጥ ልብሳችሁን አድርጋችሁ መቆየት ትችላላችሁ። ከዚያ በአንሶላ ትሸፈናላችሁ፣ የሚሠራበት ቦታ ብቻ ነው የሚገለጠው። ሴት ቴራፒስት ነው የምፈልገው ማለት ነውር አይደለም። ምቾት ከነሳችሁ «በቃ» ብላችሁ መነሳት ትችላላችሁ፣ ምክንያት መስጠት የለባችሁም። አላግባብ የነካችሁ ካለ ለፖሊስም ለቦርዱም ይነገራል። አቤቱታ ተቀብሎ ላይሰንስ የሚነጥቀው ቦርዱ ነው።

ኩባያ የሚለጥፉትን ስታዩ ዋግምት ትዝ ይላችኋል። ያው ነው፣ ግን እዚህ በደረቁ ነው የሚደረገው። ማሳጅ ቴራፒስት ቆዳ መብጣት አይፈቀድለትም። ምላጭ ካወጣ ልብሳችሁን ልበሱ።

ጫናው ከበዛ ተናገሩ። እኛ «ካላመመ አይሠራም» እያልን ጥርሳችንን ነክሰን እንተኛለን። ትንፋሻችሁን የሚያስይዛችሁ ጫና በዝቷል ማለት ነው፤ ጡንቻው እየተፈታ ሳይሆን እየተከላከለ ነው። «ቀለል አድርጊልኝ» በሏት።